ክሊፕ የሚሠራው በጆሮ ነው

(ለጀማሪ የክሊፕ ባለሙያዎች በቃል የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተጽፎ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ። ገና ከበሩ ላይ ሳለሁ አንድ ወጣት ቀረብ ብሎ በትሕትና ሰላምታ ሰጠኝና «በየትኛው ካሜራ ነው የሚሠሩት?» ሲል ጠየቀኝ። «በተገኘው» አልኩት። ቅር ሳይለው አልቀረም፤ የደበቅኩት ምሥጢር ያለ መሰለው። እውነቴን ነው። በተከራየሁት ሠርቻለሁ፣ በተዋስኩት ሠርቻለሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ካሜራው መንገድ ላይ ተበላሽቶብን የክሊፑን ግማሽ በስልክ ጨርሰናል። የትኛው ግማሽ እንደሆነ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም። ያ ወጣት እዚህ ካለ፣ ጥያቄውን በጥያቄ ልመልስለት፦ ዘፈኑን ስንት ጊዜ ሰማኸው?

ክሊፖቻችን እርስ በርስ እንደሚመሳሰሉ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ዘፋኙ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ እጁን ይዘረጋል፤ ድሮኑ ይዞረዋል። ቀጥሎ የተከራየ መኪና፣ ቀጥሎ የሎጅ መዋኛ፣ ቀጥሎ ሣር ላይ የሚወዛወዙ ስምንት ወጣቶች። የአንዱን ዘፈን ምስል ወስዳችሁ ለሌላው ብታለብሱት ልክክ ይላል። ብዙ ሰው ምክንያቱ የገንዘብ እጥረት ነው ይላል። ድሮንና ሎጅ ግን ርካሽ ነገሮች አይደሉም። እኔ የማየው ያልተሰማ ዘፈን ነው። ዳይሬክተሩ ዘፈኑን የሰማው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ ዘፋኙ መኪና ውስጥ ሲያስደምጠው፣ አንዴ በቀረጻው ዕለት።

እኔ ዘፈን ስቀበል በመጀመሪያው ሳምንት ካሜራ አልነካም። መስመር ያለው ደብተር እይዛለሁ። በግራ በኩል ሰከንዱን፣ መሐል ላይ ቃሉን፣ በቀኝ በኩል የሰማሁትን የሙዚቃ መሣሪያ እጽፋለሁ። «0:18፣ ማሲንቆ ለብቻው»፤ «0:42፣ ከበሮ ገባ»፤ «1:05፣ ዘፋኟ ትንፋሽ ሳበች»። ይህችን ትንፋሽ አትናቋት። ሚክሲንጉን፣ ማለትም ድምፆቹን የማዋሐዱን ሥራ፣ የሠራው ባለሙያ ሊያጠፋት ሲችል ትቷታል፤ ስለዚህ እኔም ምስል እሰጣታለሁ። ፊቷ ቀርቦ፣ አፏ ገና ሳይከፈት። ሃያ ጊዜ ያህል ከሰማሁ በኋላ ደብተሩ ራሱ መናገር ይጀምራል። አዝማቹ ሦስት ጊዜ ይመለሳል እንበል። ቃሉ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው፤ ዘፋኙ ግን ያው አይደለም። ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው ድረስ ሁለት ሙሉ ስንኝ ሲያማርር ቆይቷል። ታዲያ ሦስቱንም በአንድ ሸሚዝ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ፈገግታ ለምን እንቀርጸዋለን?

አሁን ወደ ግጥሙ ልግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። የአማርኛ ዘፈን ሰምና ወርቅ ይወዳል። ለክሊፕ ሠሪ ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ትልቅ ወጥመድም ነው። የሰው ዘፈን ይዤ ከማማ ብዬ ትናንት ማታ ራሴ አንድ ስንኝ ገጠምኩ፤ ገጣሚ አይደለሁምና አትሳቁብኝ።

«ዝናቡ መጣብኝ ከመንገድ ላይ ሳለሁ፣
ጥላ ሄደች አሉኝ የት እጠለላለሁ።»

ሰሙ ዣንጥላ ነው። ወርቁ ሴትየዋ ናት፤ ጥላው ሄደች። አንዲቱ ቃል ሁለቱንም ትሸከማለች። አሁን ይህን ስንኝ ለአንድ ችኩል ዳይሬክተር ስጡት። ውኃ ጫኝ መኪና ተከራይቶ ሰው ሠራሽ ዝናብ ያዘንባል፣ ቀይ ዣንጥላ ገዝቶ በነፋስ ያስበርራል፣ ዘፋኙን ዝናቡ ውስጥ ያስሮጠዋል። ብዙ ብር ያፈስሳል። የሠራው ግን ሰሙን በምስል መድገም ብቻ ነው። ተመልካቹ «ጥላ» ሲባል ዣንጥላ ስላየ፣ ሌላውን ትርጉም ለመፈለግ ምክንያት አያገኝም። ወርቁ እዚያው ተቀበረ።

እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር? አንዲት ትንሽ ክፍል እፈልጋለሁ። ከበሩ ጀርባ አንድ ምስማር እመታና ዣንጥላውን እሰቅላለሁ፤ ደረቅ፣ የተጠቀለለ፣ እጀታው በሴት እጅ የለሰለሰ። ዘፋኙ «ጥላ ሄደች አሉኝ» ሲል ካሜራው ዣንጥላው ላይ ያርፋል። ዣንጥላው አልሄደም! እዚያው ተሰቅሏል። የተመልካቹ ጆሮና ዓይን ለአንድ አፍታ ይጣላሉ። የሄደው ሌላ ነገር መሆኑ የሚገባው ያኔ ነው፤ ማንም ሳያብራራለት። ከዚያ ካሜራው ቀስ ብሎ ሲዞር ከዣንጥላው አጠገብ ሌላ ምስማር እናያለን፤ ነጠላ ይሰቀልበት የነበረ፣ አሁን ባዶ። ወጪው አንድ ዣንጥላና ሁለት ምስማር ነው።

ስለ ሐሳብ ይህን ካልኩ ወደ ደረቁ ሥራ ልሂድ። ከመስማቴ በፊት የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ዘፈኑ አልቋል ወይ? አልቋል ስል ማስተሪንጉ፣ ማለትም የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ፣ ተጠናቆ፣ ከእንግዲህ ማንም እጁን አያስገባበትም ማለቴ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የሠርግ ዘፈን ቀርጸን ኤዲቲንጉን ልንጨርስ ጥቂት ሲቀረን አቀናባሪው ደወለ። «ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ስለመሰለኝ አነቃቃሁት» አለኝ። በደቂቃ 100 የነበረውን ምት 102 አድርጎታል። በጆሮ የሚለየው ሰው ጥቂት ነው። ሂሳቡን ግን ሥሩት፤ አራት ደቂቃ የነበረው ዘፈን አምስት ሰከንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ አጠረ። መግቢያው ላይ ከንፈርና ድምፅ ይገጥማሉ፤ አዝማቹ ላይ ይንሸራተታሉ፤ ማብቂያው ላይ ሙሽራው አፉን ዘግቶ ይዘፍናል። በዚያ ላይ የማሲንቆውን መሸጋገሪያ በግማሽ ቆርጦታል፤ ተወዛዋዦቹን የቀረጽነው ለዚያ መሸጋገሪያ ነበር። ምስሉን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሣን ወደ አዲሱ ቦታው መለስነው። ከዚያ ወዲህ ዘፋኙ «ይህ የመጨረሻው ቅጂ ነው» ብሎ ሳይፈርም ቀረጻ አልወጣም።

ስለ ፊርማ ካነሣን፣ ገጣሚው፣ የዜማ ደራሲውና አቀናባሪው ዘፈኑ በክሊፕ እንዲሠራ መፍቀዳቸውን በወረቀት እዩ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ እና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለእነርሱም መብት ሰጥቷቸዋል። «ጓደኛዬ ነው፣ ችግር የለም» የሚባለው ክሊፑ ተመልካች እስኪያገኝ ድረስ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ቁጥር። አራት ደቂቃ 240 ሰከንድ ነው። አንድ ምስል በአማካይ 3 ሰከንድ ከቆየ 80 ምስል ያስፈልገናል። እኔ ከቦታ ቦታ ሳልዞር በአንድ ቀን ከ25 እስከ 30 ምስል ከያዝኩ ቀኑ የተባረከ ነበር እላለሁ። ስለዚህ ሦስት ቀን ነው። ዘፋኙ የሁለት ቀን ገንዘብ ብቻ ካለው ሁለት መንገድ አለ፤ ጥድፊያ ወይም ትዕግሥት። ጥድፊያው ምን እንደሚያመጣ አይታችኋል። ትዕግሥት ማለት ምስሉን ማስረዘም ነው። በትዝታ ቅኝት የተሠራ ዝግ ያለ ዘፈን ላይ አንድ ምስል ስድስት፣ ስምንት ሰከንድ ቢቆይ ማንም አይሰለችም፤ እንዲያውም በየሁለት ሰከንዱ የሚቆራረጥ ትዝታ ያቅለሸልሻል። በስድስት ሰከንድ አማካይ 80ው ምስል 40 ይሆናል። ለዚህ ነው በጀት የሚጻፈው ከደብተሩ በኋላ ነው የምለው። ከጠቅላላው ብር ደግሞ አንድ አሥረኛውን አልነካም፤ ለጎማ፣ ለዝናብ፣ ለተሰበረ ማቆሚያ፣ «ይህ መሬት የእኔ ነው» ብሎ ለሚመጣ ሰው።

የቀን መቁጠሪያችን የሥራው ባለቤት ነው ብል አላጋነንኩም። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ዓለማዊ ዘፈን የማይለቁ ዘፋኞች ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ለፋሲካ ሁሉም በአንድ ላይ ይጎርፋል፤ ኤዲተር አይገኝም፣ ስቱዲዮ አይገኝም። ከሁሉ የሚያስቸግረው የአዲስ ዓመት ክሊፕ ነው። ዘፈኑ በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን መለቀቅ አለበት። አደይ አበባ ግን አገሩን ሁሉ ቢጫ የሚያደርገው ከመስከረም ወዲያ ነው። በሐምሌ ስትቀርጹ መስኩ አረንጓዴ እንጂ ቢጫ አይደለም። ያለ አደይ የእንቁጣጣሽ ክሊፕ ደግሞ ያለ ቡና እንደ ቀረበ ፈንዲሻ ነው። ፕላስቲክ አበባ ሣር ላይ የሰኩ አይቻለሁ። ካለፈው ዓመት የተቀረጸ ምስል ገዝተው የኑግ ማሳ ያስገቡም አሉ፤ ኑግም ቢጫ ነውና ለከተማ ሰው ያልፋል፤ የገበሬ ልጅ ግን ስልኩን ይዞ «ይህ እኮ ኑግ ነው!» እያለ ይስቃል። መፍትሔው አንድ ነው፤ የመጪውን ዓመት ክሊፕ በዘንድሮው መስከረም መቅረጽ። ለዘፋኞች ይህን ስነግራቸው የቀለድኩ ይመስላቸዋል።

ቦታ ስትመርጡ በምትቀርጹበት ወርና በምትቀርጹበት ሰዓት ሄዳችሁ እዩ። ከፎቶ አትምረጡ። እኔ ጢስ ዓባይን በክረምት ማብቂያ የተነሣ ፎቶ አይቼ በመጋቢት አሥራ አራት ሰው ጭኜ ሄጃለሁ። ፏፏቴው በፎቶው ላይ ገደሉን ሞልቶ ይጨሳል፤ እኛ ስንደርስ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ጥቂት ነጭ ክሮች ተንጠልጥለዋል። በበጋ ወንዙ ይቀንሳል፤ ካለውም ውኃ ብዙው ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫው ይዞራል። ይህን ከባሕር ዳር አንድ ሰው በስልክ ብጠይቅ በሁለት ደቂቃ ይነግረኝ ነበር። የድሮንም ፈቃድ እንዲሁ ነው፤ አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ ከቦታው ደርሶ መለመን መሣሪያውን ያስወስዳል። መንደር ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከወረቀቱ ሌላ የሰፈሩን ሽማግሌ ማነጋገር አለ። ሽማግሌው ከእናንተ ጋር ቡና ከጠጡ፣ ከካሜራው ፊት የሚጋፉትን ልጆች የሚያስቀምጡላችሁ እርሳቸው ናቸው።

ብርሃንን በተመለከተ አገራችን ለጋስም ጨካኝም ናት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትወጣለች፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ ገደማ ቀጥ ብላ ከላይ ነው የምትቆመው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የተቀረጸ ሰው ዓይኑ ያለበት ቦታ ሁለት ጉድጓድ ይሆናል። ስለዚህ ፊት የሚቀረጸው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያ ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። መሐሉ የቤት ውስጥ ምስል፣ የእጅ ምስል፣ የምሳ ሰዓት ነው። ግድ ከሆነ ሰፋ ያለ አቡጀዲ በአራት እንጨት ወጥራችሁ ከዘፋኙ በላይ ያዙት፤ ጥላውን ያለሰልሰዋል። ምሽት ላይ ደግሞ አትዘናጉ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ለስላሳ ብርሃን ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። እኛ ጋ ቀኑ ቀስ ብሎ አይመሽም።

የልብሱ ነገር ብዙዎቻችሁን ያስቸገረ ይመስለኛል። የእኛ ፊት ጠይም ነው፤ ልብሳችን ነጭ ነው። ካሜራውን ለፊቱ ስታስተካክሉት የሐበሻ ቀሚሱ ይቃጠላል፣ ጥልፉም ሽመናውም ጠፍቶ አንድ ነጭ ሰሌዳ ይሆናል። ለቀሚሱ ስታስተካክሉት ፊቱ ይጨልማል። መብራት መጨመር አንዱ መላ ነው። የቆየው የፊልም ሰዎች መላ ግን ሻይ ነው። አዎ፣ የሚጠጣው ሻይ። ቅጠሉን በሰፊ ድስት ታፈሉና ታጠሉታላችሁ፤ ሲቀዘቅዝ ነጠላውን ነክራችሁ ወዲያው ታወጣላችሁ፤ በንጹሕ ውኃ አለቅልቃችሁ ጥላ ላይ ታሰጣላችሁ። ሲደርቅ በዓይን ስታዩት የደነዘዘ፣ ወደ ክሬም የሚያደላ ነው። ካሜራው ውስጥ ግን ነጭ ነው፤ ሽመናው አንድ በአንድ ይታያል፣ ፊቱም ይፈካል። አስቀድማችሁ በጨርቁ ጥግ ሞክሩ፤ የጥለቱ ቀለም የሚለቅ ከሆነ ሌላ ጨርቅ ፈልጉ። የሰው ቀሚስ ተውሳችሁ ደግሞ ይህን አታድርጉ፤ ለምን እንደምል አትጠይቁኝ።

ስለ ነጠላ ካነሣሁ አይቀር፣ አለባበሱን የሚያውቅ ሰው ከቀረጻው ቦታ አይጥፋ። በሠርግ ዘፈን ላይ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ የምትወዛወዝ ልጅ አይቻለሁ። ያ የሐዘን አለባበስ ነው። ልጅቷ አላወቀችም፣ ዳይሬክተሩ አላወቀም፤ እናቶች ግን ወዲያው ነው ያዩት።

ውዝዋዜ ስትቀርጹ ካሜራው የት መቆም እንዳለበት የሚነግራችሁ ጭፈራው ነው። እስክስታ ትከሻና አንገት ነው፤ ከወገብ በላይ ያዙት፤ ከሩቅ ከቀረጻችሁት ትከሻው ይጠፋና ዝላይ ብቻ ይቀራል። የጉራጌን ጭፈራ ከወገብ በላይ መቅረጽ ግን ሰውን ግማሽ መብላት ነው፤ ነገሩ ያለው እግሩ ላይ ነውና ከመሬት ጀምሮ መታየት አለበት። የወላይታው ወገብ ነው፤ ከጉልበት በላይ ይበቃል። የትግርኛው ክብ ሠርቶ ከበሮውን ይዞ ይዞራልና ከፍ ካለ ቦታ፣ ክቡ ሙሉ ሆኖ እንዲታይ። አንድ ጊዜ ይህን ሳልረዳ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ርቀት ቀርጬ፣ ኤዲቲንግ ላይ ስቀመጥ ተወዛዋዦቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር የሚያደርጉ ይመስሉ ነበር። ተወዛዋዦቹ ያላቸውን ሁሉ ሰጥተውኛል፤ የጎደልኩት እኔ ነኝ።

ቀረጻው ቀን ላይ ደረስን። ይገርማችሁ ይሆናል፣ ስለዚህ ቀን የምለው ጥቂት ነው፤ ደብተሩ በደንብ ከተሠራ ቀኑ የጉልበት ሥራ ነው። ዘፈኑ ከስፒከር ጮክ ብሎ ይለቀቃል፣ ዘፋኙ አብሮ ይዘፍናል። እውነተኛ ድምፅ አውጥቶ ይዝፈን። ከንፈሩን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ሰው የጉሮሮው ጅማት አይወጠርም፤ ውሸቱ ያኔ ይታያል። ጄኔሬተር ቢጮህ አትጨነቁ፤ ድምፁን አንጠቀምበትም። የክሊፕ ሥራ ከፊልም የሚቀልበት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ከርቀት ስትቀርጹ ግን ተጠንቀቁ። እንጦጦ ላይ ዘፋኙን መቶ ሜትር ርቆ ኮረብታ ላይ አቆምነው፤ ስፒከሩ ከእኛ ከካሜራው ጋር ነበር። ማታ ስናየው ከንፈሩ ከዘፈኑ ወደኋላ ይቀራል። ኤዲተሬ ዘፋኙን ወቀሰ፤ ዘፋኙ ስፒከሩን ወቀሰ። ጥፋቱ የማንም አልነበረም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው፤ መቶ ሜትር ለመድረስ የሰከንድ ሲሶ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ ይፈጅበታል። በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም 25 ነጠላ ምስል፣ ስትቀርጹ ያ ሰባት ፍሬም ነው። ምስሉን ሰባት ፍሬም ወደፊት ስንስበው ሁሉም ነገር ገጠመ፤ ወቀሳውም ቆመ።

ዝግ ያለ ምስል የሚፈልጉ ዘፋኞች ብዙ ናቸው። አካባቢው ሁሉ ቀስ ብሎ ሲንሳፈፍ ከንፈራቸው ግን ከዘፈኑ ጋር እንዲገጥም ይፈልጋሉ። መንገዱ ይህ ነው፤ በሰከንድ 50 ፍሬም ትቀርጻላችሁ፣ በ25 ታጫውታላችሁ። እንቅስቃሴው በግማሽ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በቀረጻው ጊዜ ዘፈኑ በእጥፍ ፍጥነት መለቀቅ አለበት፤ ዘፋኙም በእጥፍ መዝፈን አለበት። ዘፈኑ እንደ ጫጩት ይጮኻል፣ ሠራተኛው ሁሉ ይስቃል፣ ዘፋኙ ግራ ይጋባል። በቀረጻው ዕለት ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ዘፋኝ ግማሽ ቀን ያባክንባችኋል። ፈጣኑን ቅጂ ከሳምንት በፊት ስጡት፤ ቤቱ ይለማመድ፣ ጎረቤት ይሳቅ።

በሌሊት አዝማሪ ቤት ውስጥ ወይም በመብራት ሥር ስትቀርጹ አንድ ቁጥር ያዙልኝ፤ 50። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሎች በሰከንድ መቶ ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ያየዋል። በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሹተሩ፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ከሆነ ይረጋጋል። ይህ ነገር በተለይ ዘፋኙ አሜሪካ ሲኖር ይመጣል። ዛሬ ብዙ ክሊፕ ግማሹ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ ግማሹ አዲስ አበባ ይቀረጻል። እዚያ መብራቱ 60 ኸርዝ ነው፤ ካሜራውንም በልማድ በ30 ፍሬም ያደርጉታል። ሁለቱን ሳታስማሙ ከቀረጻችሁ እንቅስቃሴው ሲገናኝ ይንገጫገጫል። ከመቀረጹ በፊት በስልክ ተነጋገሩ፤ ሁለታችሁም 25፤ እዚያ ያለው ሹተሩን 1/60 ያድርግ። ፀሐዩም ከየትኛው ትከሻ በኩል እንደሚመጣ ተስማሙ፤ አለበለዚያ ሁለቱ ፍቅረኞች በአንድ ሰዓት በሁለት ፀሐይ ሥር ይቆማሉ።

ሌላው ቤት አያያዝ ነው። ሠራተኛው በሰዓቱ ይብላ፤ ረቡዕና ዓርብ ከሆነ የጾም ምግብ ቀድሞ ይታዘዝ። ካርድ ሲሞላ ወዲያው ሁለት ቦታ ይገልበጥ፤ ሁለቱ ዲስኮች ደግሞ በአንድ መኪና አይሂዱ። ካርዱን ለማጥፋት የሚፈቀድለት ሰው አንድ ብቻ ይሁን።

ኤዲቲንግ ላይ የምለምናችሁ አንድ ነገር፤ በየምቱ አትቁረጡ። ከበሮው መታ ሲል ምስል መቀየር ለሠላሳ ሰከንድ ደስ ይላል፤ ከዚያ ተመልካቹ ቀጣዩን ቁርጥ አስቀድሞ ያውቀዋል። እስክስታውን በተለይ ትከሻው ሳይመለስ አትቁረጡት። ትከሻ ይወጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል፤ ሲወድቅ ነው ተመልካቹ ዕፎይ የሚለው። የመጀመሪያውን ቅጂ ስጨርስ አንዴ ድምፁን አጥፍቼ አየዋለሁ፤ አንዴ ፊቴን አዙሬ ድምፁን ብቻ እሰማለሁ። ሁለተኛው ላይ ምስሉ በሐሳቤ ካልመጣ፣ ዘፈኑን አልያዝኩትም ማለት ነው።

ከዚያ የእርማት ዘመን ይመጣል። ዘፋኙ ቅጂውን በቴሌግራም ለእኅቱ፣ ለሚዜው፣ ለአክስቱ ልጅ ይልካል። ሁሉም ሐሳብ አለው። አንዱ ዣንጥላው አይታየኝም ይላል፤ ሌላው ለምን ድሮን የለም ይላል። ስለዚህ ውሉ ላይ ሁለት እርማት ብቻ፣ ከአንድ ሰው ብቻ፣ በጽሑፍ ብቻ ብዬ አስገባለሁ። ይህን ያላስገባሁበት አንድ ክሊፕ አሥራ ሰባት ጊዜ ታርሟል፤ በመጨረሻም ሦስተኛውን ቅጂ መረጡ። ቀለም ሲስተካከል ደግሞ «ትንሽ ቀላ አድርጋት» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። አላደርገውም። ጠይም ፊት በደንብ ከተበራ ከማንም ያምራል፤ ያጠፋነው መብራቱ ላይ ከሆነ ጥፋቱን ልጅቷ ቆዳ ላይ አናስከፍልም።

ጊዜው አልቋል መሰለኝ፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ልቀበል። እሺ እመቤት፣ ከኋላ ያለሽው።

«ዘፈኑ ሳይሰማ ካሜራ አይነሣም ካሉ፣ እርስዎ ያለ ዘፈን ቀርጸው አያውቁም?»

ያዝሽኝ። ባለፈው መስከረም፣ ከመስቀል ማግስት፣ ከሱሉልታ ወዲያ አንድ ቁልቁለት ሙሉ በአደይ ቢጫ ሆኖ አየሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፤ ጤዛው አልደረቀም። አንዲት ልጅ እንጨት ተሸክማ መሐሉን ሰንጥቃ አለፈች፤ አበባው ከኋላዋ ተመልሶ ተዘጋ። ፈቃዷን ጠይቄ፣ እንድትመለስ ለምኜ፣ ሁለቴ ቀረጽኳት። አርባ ሰከንድ ይሆናል። ሁለት ዲስክ ላይ አለ፤ አንዱ ቤቴ፣ አንዱ ቢሮዬ። ዘፈን ግን እስካሁን የለውም። በየሳምንቱ የሚመጣልኝን ዘፈን ሁሉ እሰማለሁ፤ አንዱም በእርሷ እርምጃ አልሄደም።